ለመምህሩ ማን ይመስክርለት?

ወደ መድረኩ የወጡት ሰው ቡናማ የመነኩሴ ቀሚስ ለብሰው ወገባቸውን በነጭ ገመድ ታጥቀዋል። ቦታው ዱባይ፣ ቀኑ መጋቢት 15 ቀን 2011 ዓ.ም. ነው። መድረኩን የሚመራው የሆሊውዱ ተዋናይ ሂዩ ጃክማን፣ ለመምህር የሚሰጠውን የዓለም ሽልማት የሚያበረክቱት የዱባይ አልጋ ወራሽ፣ የሽልማቱ ልክ ደግሞ አንድ ሚሊዮን ዶላር። ተሸላሚው ኬንያዊ የሂሳብና የፊዚክስ መምህር ፒተር ታቢቺ ከዚያ በፊት ከአገራቸው ርቀው የሄዱት እስከ ኡጋንዳ ብቻ ነበር፤ አውሮፕላን ሲሳፈሩም የመጀመሪያቸው ነው።

ምስጋና ለማቅረብ ሲቆሙ ስለ እናታቸው ተናገሩ። እናታቸው ያረፉት እርሳቸው ገና የ11 ዓመት ልጅ ሳሉ ነው። ከዚያ ወዲያ ልጆቹን ብቻቸውን ያሳደጉት አባት የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር ነበሩ፤ ያን ምሽትም ከታዳሚው መካከል ተቀምጠዋል። ታቢቺ አባታቸውን በጣታቸው አመለከቱ፣ ወደ መድረክ ጠሯቸው፣ ዋንጫውን እንዲይዙት ሰጧቸው። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ።

ከሚሊዮኑ ዶላር ይልቅ ልቤን የሚይዘው ይህ ነው። ልጃቸው ባይጠሯቸው ኖሮ አዛውንቱ ከመቀመጫቸው ሆነው አጨብጭበው ይመለሱ ነበር። ጠመኔ ይዘው ስለኖሩባቸው ዓመታት የመሰከረላቸው ኮሚቴ አይደለም፤ በእጃቸው ያደገ ልጅ ነው። ጎበዝ መምህርን ማን ይለየዋል፣ በምን ይለየዋል፣ ደግሞስ መቼ ነው የሚታወቀው የሚለው ጥያቄ ሁሉ እዚያች ቅጽበት ውስጥ አለ።

የዓለም ጋዜጦች ስለ ታቢቺ ሲጽፉ ርዕስ ያደረጉት አንድ ነገር ነበር። የቅዱስ ፍራንቸስኮስ ማኅበር ወንድም ናቸው፤ ከደመወዛቸው 80 በመቶውን ለድሆች ይሰጡ ነበር። ምግባሩ የሚያስመሰግን ነው። እኔን ግን ይህ ርዕስ ቅር ያሰኘኛል። መምህር ለመመስገን መጀመሪያ መመነን ያለበት ያስመስላልና። የቤት ኪራይ የሚከፍል፣ ሦስት ልጅ የሚያሳድግ፣ ደመወዙ ወሩን አጋምሶ የሚያልቅበት መምህር ከዚህ ዜና ምን ይማር? የታቢቺ ሥራ ሊጠና የሚገባው በሌላ በኩል ነው።

ያስተምሩበት የነበረው የኬሪኮ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚገኘው በናኩሩ አውራጃ፣ ፑዋኒ በምትባል መንደር ነው። ድርቅና ረሃብ የሚመላለስበት የስምጥ ሸለቆ አካባቢ ነው። ያን ጊዜ ከተማሪዎቹ 95 በመቶው የድሃ ልጆች ነበሩ፤ ሲሶ ያህሉ ወላጅ የሌላቸው ወይም አንድ ወላጅ ብቻ የቀራቸው። ብዙዎቹ ቁርስ ሳይቀምሱ ይመጡ ነበር። አንዳንዶቹ ትምህርት ቤት ለመድረስ ሰባት ኪሎ ሜትር በእግራቸው ይጓዙ ነበር፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ መንገዱ አያስኬድም። ለ58 ተማሪ የነበረው አንድ መምህር ነው። ቤተ መጻሕፍት አልነበረም፤ ቤተ ሙከራ አልነበረም፤ ኮምፒዩተሩ አንድ ብቻ ነበር፤ ኢንተርኔቱም እንደነገሩ ነበር።

እዚህ ላይ ታቢቺ ምን አደረጉ? ኢንተርኔት ካፌ ሄደው ለትምህርቱ የሚጠቅመውን አውርደው ክፍል ይገባሉ። የሳይንስ ክበቡን አጠናከሩ። ከአራት ባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው ወደኋላ የቀሩ ልጆችን ከክፍል ሰዓት ውጭና ቅዳሜና እሑድ ያስጠናሉ፤ ቤታቸው ድረስ እየሄዱም ችግራቸውን ያያሉ። አካባቢው ከ2007 እ.ኤ.አ. ምርጫ በኋላ በተነሣው የጎሣ ግጭት ደም የፈሰሰበት ስለነበር፣ የሰባት ጎሣ ልጆች የሚገናኙበት የሰላም ክበብ አቋቋሙ። ክበቡ የመዝሙርና የመፈክር ብቻ አልነበረም፤ ልጆቹ አብረው ይከራከራሉ፣ አብረው ችግኝ ይተክላሉ።

ውጤቱ በዓይን ታየ። የተማሪው ቁጥር በሦስት ዓመት ውስጥ በእጥፍ አድጎ 400 ደረሰ። በ2017 እ.ኤ.አ. ከ59 ተፈታኞች 16ቱ ዩኒቨርሲቲ ገብተው ነበር፤ በሚቀጥለው ዓመት ዩኒቨርሲቲ የገቡት 26 ሆኑ። ማየት ወይም መስማት ለተሳናቸው ሰዎች ዕቃ መለኪያ የሚሆን መሣሪያ የሠሩ ተማሪዎች በ2018 እ.ኤ.አ. በአገር አቀፉ የሳይንስና የምህንድስና ውድድር ቀርበው፣ ኬሪኮ ከመንግሥት ትምህርት ቤቶች አንደኛ ወጣ። በአካባቢው ከሚበቅል ተክል ኤሌክትሪክ ያመነጩት ደግሞ ከእንግሊዙ የንጉሣዊ ኬሚስትሪ ማኅበር ሽልማት አገኙ። በዚያ ትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ እንዳልነበረ አንባቢ ያስታውስ።

ታቢቺ የተመረጡት ከ179 አገሮች ከመጡ 10 ሺህ ጥቆማዎችና ማመልከቻዎች መካከል ነው። ሽልማቱን የሚሰጠው የቫርኪ ፋውንዴሽን ሲሆን፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሰጠው በ2015 እ.ኤ.አ. ለአሜሪካዊቷ የንባብና የጽሕፈት መምህርት ናንሲ አትዌል ነበር። አትዌል ሚሊዮኑን ዶላር እንዳለ ለመሠረቱት ትምህርት ቤት ሰጡ። ከዚያ ወዲያው በቴሌቪዥን ቀርበው ወጣቶች የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር እንዲሆኑ ይመክሩ እንደሆነ ሲጠየቁ፣ በፈተና ብዛት መምህሩ ነፃነቱን እያጣ ስለሆነ አልመክርም አሉ። የሙያው ትልቁ ሽልማት በተሰጠ በቀናት ውስጥ ተሸላሚዋ ሰውን ከሙያው የሚያርቅ ምክር ሰጡ ማለት ነው። ሸላሚዎቹ ደስ ሳይላቸው እንዳልቀረ እገምታለሁ፤ እኔ ግን በዚያ ዓመት ከተነገረው ሁሉ እውነተኛው ይህ ነበር እላለሁ።

የሽልማቱ ደንብ ግን አንድ ብልህ ነገር አለው። ገንዘቡ ባንድ ጊዜ አይሰጥም፤ ለአሥር ዓመት በእኩል እየተከፈለ ነው የሚደርሰው። ተሸላሚውም ቢያንስ ለአምስት ዓመት በመምህርነቱ እንዲቀጥል ይጠየቃል። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው የመምህርነትን ትልቁን ፈተና ያውቃል ማለት ነው፤ ጎበዙ መምህር ከክፍል የሚወጣው ብዙውን ጊዜ በተመሰገነ ማግሥት ነውና።

በ2020 እ.ኤ.አ. ተራው የሕንድ ሆነ። ራንጂትሲን ዲሳሌ ማሃራሽትራ ውስጥ ፓሪቴዋዲ በምትባል መንደር ሲመደቡ ያገኙት ትምህርት ቤት በከብት በረትና በዕቃ ማከማቻ መካከል የቆመ የፈራረሰ ቤት ነበር። ሴቶቹ ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ከትምህርት ይቀሩ ነበር፤ ያለ ዕድሜ ጋብቻም የተለመደ ነበር። ከሁሉም የባሰው ደግሞ የመማሪያ መጻሕፍቱ ልጆቹ በቤታቸው በሚናገሩት ቋንቋ የተጻፉ አልነበሩም። የልጆቹ ቋንቋ ካነዳ ይባላል፤ መምህሩ አይችሉትም ነበር። ስለዚህ ተማሩት። መጻሕፍቱን ወደ ልጆቹ ቋንቋ መለሱ፤ በየገጹም በስልክ ሲነበብ ድምፅና ምስል የሚከፍት ኮድ ለጠፉበት። ይህ ዘዴያቸው ቆይቶ ከመንደሯ አልፎ በመላ ሕንድ የመማሪያ መጻሕፍት ላይ ዋለ።

ሽልማቱ ሲሰጣቸው ግማሹን ለዘጠኙ የመጨረሻ ዕጩዎች አካፈሉ፤ ለእያንዳንዳቸው 55 ሺህ ዶላር ደረሰ። ከእርሳቸው በፊት ይህን ያደረገ አልነበረም። በጎ የሠራን መምህር ነጥሎ ማንገሥ የሌሎቹን ድካም ያደበዝዛል ለሚሉ ተቺዎች ከዚህ የተሻለ መልስ አላየሁም። ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በ2022 እ.ኤ.አ. ለፉልብራይት የነፃ ትምህርት ዕድል ፈቃድ ሲጠይቁ ከአካባቢያቸው የትምህርት ጽሕፈት ቤት ጋር ውዝግብ ውስጥ ገቡ፤ ነገሩ እስከ ክፍለ ግዛቱ የትምህርት ሚኒስትር ደረሰ። ዓለም ያጨበጨበላቸው መምህር በአለቆቻቸው ፊት የሥራ ገበታ ላይ አልተገኙም ተብለው ከሚከሰሱት አንዱ ነበሩ። በእኛ አገር ወረዳ ጽሕፈት ቤት ደጅ የጠና መምህር ይህን ሲሰማ የሚስቅ ይመስለኛል።

ወደ እኛው እንምጣ።

አገራችን መምህርን ማክበር ከውጭ የተማረችው አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ልጅ ፊደል ቆጥሮ፣ ንባብ ዘልቆ ዳዊት ሲደግም ወላጅ ደግሶ የኔታን ያበላል፤ እንደ አቅሙም ስጦታ ይሰጣል። በዚያ ማዕድ ላይ የሚከበረው ልጁ ብቻ አይደለም። ከዚያም በላይ የሆነ ሌላ እውቅና አለ፤ ዋጋው በገንዘብ አይለካም። ቅኔ የተማረ ሰው ማንነቱን ሲጠየቅ ከማን እንደተማረ ይናገራል። ከዋሸራ ነው፣ ከዋድላ ነው ወይስ ከጎንጅ? መምህሩ ማን ነበሩ? የእርሳቸውስ መምህር? ሐረጉ እየተቆጠረ ወደኋላ ይሄዳል። ደመወዝ ያልነበራቸው፣ ጎጆ ውስጥ የኖሩ፣ ማታ ማታ ተማሪው ለምኖ ካመጣው አኩፋዳ የቀመሱ ሊቃውንት ስማቸው ከመቶ ዓመት በኋላ የሚጠራው በዚህ መንገድ ነው። ስማቸውን ያቆዩት ተማሪዎቻቸው ናቸው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ሲመጣ ይህ ልማድ አብሮ አልገባም። ዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት በ1900ዎቹ መጀመሪያ ሲከፈት መምህራኑ ከግብፅ የመጡ ነበሩ፤ ውል ያላቸው፣ ደመወዝተኞች። መምህርነት የመንግሥት ሥራ ሆነ። ከዚያ በኋላ ያለው ክብር ከፍ ዝቅ እያለ ነው የኖረው። በአንድ ወቅት አስተማሪ ማግባት የልጃገረድ ሕልም እንደነበርና ኋላ ላይ ሾፌሩ እንደቀደመው የሚናገር የሕዝብ ግጥም አለ፤ የዘመኑን የገበያ ዋጋ የሚነግረን ጥሩ የምጣኔ ሀብት ሰነድ ነው። የካቲት 1966 ዓ.ም. ላይ መምህራን ሥራ አቁመው አደባባይ ሲወጡ የታክሲ ነጂዎችም አብረው ነበሩ፤ ከዚያ የመጣውን አብዮት አንባቢ ያውቀዋል።

ስንዱ ገብሩን እንመልከት። በስዊዘርላንድና በፈረንሳይ ተምረው ተመለሱ፤ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ለቁስለኛ ሲደርሱ ተያዙ፤ አዚናራ በምትባል ደሴት ታሰሩ። ከነፃነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት ዳይሬክተር ሆኑ። ትያትር እየጻፉ ሴት ተማሪዎቻቸውን መድረክ ላይ ያወጧቸው ነበር፤ ሴት ልጅ በሰው ፊት ቆማ መናገሯ ራሱ ነውር በሚመስልበት ዘመን። ሆኖም ዛሬ ስማቸው ሲነሣ ምን ይባላል? በ1957 እ.ኤ.አ. ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት። እውነት ነው፤ ትልቅ ነገርም ነው። ነገር ግን ታሪካችን ወይዘሮ ስንዱን ያስታወሳቸው ከትምህርት ቤቱ ግቢ ከወጡ በኋላ ባደረጉት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁም አስተምረዋል፤ ትምህርት ቤት መርተዋል፤ የምናውቃቸው ግን በልብ ወለዳቸውና በዲፕሎማትነታቸው ነው። በኢትዮጵያ የመምህር ስም ከፍ የሚለው ሌላ ነገር ከሆነ በኋላ ነው።

ይህ የታሪክ ጸሐፊዎች ጥፋት ብቻ አይደለም፤ አሠራራችን ራሱ እንዲህ ነው። ጎበዝ መምህር ሲገኝ ሽልማቱ ምንድን ነው? ርዕሰ መምህር ማድረግ። ከዚያ ሱፐርቫይዘር፤ ከዚያ ወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤት። ሂሳብን እንደ እርሱ የሚያስረዳ ያልተገኘለት ሰው በሁለት ዓመት ውስጥ የተማሪ ወንበር ሲያስቆጥርና የሩብ ዓመት ሪፖርት ሲያጠናቅር ይገኛል። እርሱም አይፈረድበት፤ ቤተሰብ አለው። የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲው ካመጣቸው ነገሮች አንዱ የሆነው የመምህራን የደረጃ ዕድገት መሰላል የታሰበው ለዚህ ነበር። ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ መለስተኛ መምህር፣ መምህር፣ ከፍተኛ መምህር፣ ተባባሪ መሪ መምህር፣ መሪ መምህር እያለ ይወጣል። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ መምህሩ ክፍሉን ሳይለቅ ደመወዙም ማዕረጉም እንዲያድግ ነው። ችግሩ ደረጃው የሚሰጠው በአገልግሎት ዘመንና በሥራ አፈጻጸም ነጥብ መሆኑ ነው። ነጥቡን ለማግኘት ፋይል ማሟላት ያስፈልጋል፤ ዕቅድ፣ ሪፖርት፣ የተግባር ምርምር፣ የተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ሰነድ። በመምህራን ማረፊያ ክፍል የተቀመጠ ሰው ይህን ያውቃል፤ ፋይሉ ያማረ መምህርና ክፍሉ ያማረ መምህር ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደሉም።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ደግሞ ፕላዝማ የተባለው የቴሌቪዥን ትምህርት መጣ። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ትምህርቱ በሳተላይት በእንግሊዝኛ ይሰጥ ነበር፤ ለክፍሉ መምህር የቀረችው መግቢያና ማጠቃለያ የምታህል ጥቂት ደቂቃ ብቻ ናት። ቴክኖሎጂውን አልኮንንም፤ ለሩቅ ትምህርት ቤቶች የሰጠው ጥቅም ነበረው። ነገር ግን ያን ጊዜ የተማረ ልጅ ዛሬ የፊዚክስ መምህርህ ማን ነበር ሲባል ግራ ቢጋባ አይገርመኝም።

ታዲያ በምን እንለይ? ብዙ ሰው አፉ ላይ የሚመጣለት ፈተና ነው። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ወደ 900 ሺህ ከሚጠጉ ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ ሆነ። በየዓመቱ ከአንድ ሺህ የሚበልጡ ትምህርት ቤቶች አንድም ተማሪ አላሳለፉም። እንግዲህ በፈተና ውጤት እንሸልም ካልን በእነዚህ ሁሉ ትምህርት ቤቶች አንድም የሚመሰገን መምህር የለም ማለት ነው። ሽልማቱ ሁሉ መርጠው ወደሚቀበሉ አዳሪ ትምህርት ቤቶች ይሄዳል። እኔ አልቀበለውም። ማንበብ የማይችል ልጅ ዘጠነኛ ክፍል ተልኮለት፣ በዓመቱ መጨረሻ ማንበብ አስችሎ ያሳለፈ መምህር በዚያ ሰንጠረዥ ላይ ዜሮ ነው። ኬሪኮንም በዚህ ሚዛን ቢያስቀምጡት ናይሮቢ ካሉት ስመ ጥር ትምህርት ቤቶች አጠገብ ስሙ አይነሣም ነበር፤ 26 ልጅ ዩኒቨርሲቲ አስገባሁ የሚለው ለእነርሱ ዜና አይደለም። ዜና የሚሆነው ልጆቹ ከየት እንደተነሡ ሲታወቅ ነው።

ከየት እንደተነሡ የሚያውቀው ደግሞ ከሁሉ በላይ ራሱ ተማሪው ነው። ችግሩ ተማሪው ይህን የሚያውቀው ዘግይቶ መሆኑ ነው። የ15 ዓመት ልጅ የሚወደው የሚያስቀውን፣ ነጥብ የማይቆጥበውን መምህር ሊሆን ይችላል። በ25 ዓመቱ ጠይቁት፤ ስሙን የሚጠራው የሌላ ሰው ነው። ያን ጊዜ ያኮረፈበትን፣ የቤት ሥራውን መልሶ መላልሶ ያሠራውን፣ ምናልባትም አንድ ቀን ከክፍል አስቀርቶ አንተ ሰነፍ አይደለህም፣ ማን ነው እንዲህ ያለህ ያለውን።

ይህ የዕድሜ ነገር የገባው አንድ ሽልማት አውቃለሁ። በአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚገኘው ዊሊያምስ ኮሌጅ የኦልምስቴድ ሽልማት የሚባል አለው። በየዓመቱ ኮሌጁን የሚጨርሱ ተማሪዎች በሁለተኛ ደረጃ ያስተማሯቸውን፣ ሕይወታቸውን የቀየሩ መምህራን ይጠቁማሉ፤ ምን እንዳደረጉላቸውም ይጽፋሉ። ጥቆማው ተመርምሮ የተመረጡት መምህራን ለምረቃው ሥነ ሥርዓት ተጠርተው ይከበራሉ፤ ገንዘቡም ለመምህሩ ብቻ ሳይሆን ለትምህርት ቤቱም ይደርሳል። መምህሩ አመልካች አይደለም፤ ፋይል አያዘጋጅም። ከትንሽ ከተማ ተጠርቶ ሲመጣ፣ ከአራትና ከአምስት ዓመት በፊት የሸኘው ልጅ ቆሞ ይጠብቀዋል።

በአገራችንም የዚህ ዘር አለ። በ2005 ዓ.ም. በዲያቆን ዳንኤል ክብረት አነሣሽነት የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት መምህርነትን ለብቻው ዘርፍ አድርጎ ከሕዝብ በመጣ ጥቆማ ሲሸልም ቆይቷል። ከዚህም ሌላ ማንም ያላቀደው፣ ኮሚቴ የሌለው ነገር እየተስፋፋ ነው። አንድ ትምህርት ቤት ከሃያና ከሠላሳ ዓመት በፊት የጨረሱ ሰዎች በቴሌግራም ይገናኛሉ። ከዋሽንግተንም ከሪያድም ከሐዋሳም ይሰባሰባሉ። መጀመሪያ የድሮ ፎቶግራፍ ይለጠፋል፤ ከዚያ አንዱ የአማርኛ መምህራችን እኮ ጡረታ ወጥተው እገሌ ሰፈር ናቸው ይላል። ገንዘብ ይዋጣል። አንድ ቀን አዳራሽ ተከራይተው መምህሩን ይጠሯቸዋል፤ ጋቢ ያለብሷቸዋል፤ የታመሙ ከሆነ ያሳክሟቸዋል፤ ቤታቸው የሚያፈስ ከሆነ ጣሪያውን ያስቀይራሉ። በእንደዚህ ዓይነቱ ዝግጅት ላይ ደስ የሚለው መምህሩ ሲናገሩ ነው። ፀጉሩ የሸበተውን ሐኪም አንተ ይሉታል። ማስታወሻ ሳይዙ የሠላሳ ዓመት የስም መጥሪያ በፊደል ተራ ይደግማሉ። ማን ከማን ጋር እንደሚቀመጥ፣ ማን እንደሚኮርጅ ያስታውሳሉ። አዳራሹ ሲስቅ እርሳቸው አይስቁም።

ከዚህ አጠገብ በየዓመቱ ሰኔ ላይ የሚከበረውን የወላጆች ቀን አስቀምጡት። ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ የወጡ ልጆች ስማቸው ይጠራል፤ መዝገበ ቃላት፣ ደርዘን ደብተር፣ አንዳንዴም ቦርሳ ይሸለማሉ። እናት እልል ትላለች። ስሙን ከማይክሮፎን ጀርባ ሆኖ የሚያነበው መምህር ነው፤ ሽልማቱን በወረቀት የጠቀለለው መምህር ነው፤ ወንበሩን ከየክፍሉ ያስወጣው መምህር ነው። ሁሉም ሲያልቅ ለመምህራን በሙሉ ምስጋና እናቀርባለን ይባልና ድምፅ ማጉያው ይዘጋል። በሙሉ የተመሰገነ ሰው ማንም እንዳልተመሰገነ ለማወቅ እዚያ ግቢ መቆም ይበቃል።

አንድን መምህር በስሙ ስላመሰገነ ደብዳቤ አንድ ታሪክ ልጨምር፤ አፍሪካ ውስጥ የተጀመረ ነው። አልበር ካሙ አልጄሪያ ውስጥ የተወለደ የድሃ ልጅ ነበር። አባቱ እርሱ ገና ጨቅላ ሳለ በ1914 እ.ኤ.አ. በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ሞተ። እናቱ በደንብ አይሰሙም፣ ማንበብ አይችሉም፣ የሰው ቤት ያጸዱ ነበር። አያቱ ልጁ አንደኛ ደረጃን ሲጨርስ ሥራ ገብቶ ገንዘብ እንዲያመጣ ወስነዋል። የክፍሉ መምህር ሉዊ ዤርመን ግን ቤት ድረስ ሄደው አያትየውን አሳመኑ፤ ለነፃ ትምህርት ፈተናው ልጁን ያለ ክፍያ ተጨማሪ ሰዓት አስጠኑት። ካሙ በ1957 እ.ኤ.አ. የኖቤል የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ሲያገኝ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 19 ቀን ለዚያ መምህር አጭር ደብዳቤ ጻፈ። ዜናውን ሲሰማ ከእናቱ ቀጥሎ ያሰበው እርሳቸውን መሆኑን ነገራቸው፤ ያለ እርሳቸው ይህ ሁሉ ባልሆነ ነበር አላቸው። በስዊድን ያደረጋቸው ንግግሮች ታትመው ሲወጡ መታሰቢያነታቸውን ለሉዊ ዤርመን አደረገ። ዓለም የኚያን የሰፈር ትምህርት ቤት መምህር ስም ዛሬ የሚያውቀው በዚያ ደብዳቤ ነው። ደብዳቤው ከአንድ ገጽ አይበልጥም።

ይህን ስል ደመወዝ ይቅር፣ ደብዳቤ ይበቃል እያልሁ አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በደቡቡ የአገራችን ክፍል በአንዳንድ ዞኖች የመምህራን ደመወዝ ለወራት ዘግይቶ ሥራ የቆመበት ጊዜ ነበር። ለእነዚህ መምህራን የምስክር ወረቀት አሳትሞ መስጠት ስድብ ነው። ዩኔስኮ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. ዓለም 44 ሚሊዮን ተጨማሪ መምህር እንደሚያስፈልጋት፣ ከዚህም 15 ሚሊዮኑ ከሰሐራ በታች ላሉ የአፍሪካ አገሮች እንደሆነ ተናግሯል። ይህን ቁጥር ሽልማት አይሞላውም፤ የሚከፈልና የሚያኖር ደመወዝ ነው የሚሞላው። እውቅና የሚሠራው ሥራ ሌላ ነው። ደመወዙ እኩል የሆነ ሁለት መምህር አለ፤ አንዱ ደወል ሲደወል ይወጣል፣ አንዱ ይቆያል። ሁለተኛው እስከ መቼ እንደሚቆይ የሚወስነው አንድ ነገር አለ፤ መቆየቱን ያየ ሰው መኖሩ።

የትምህርት ሚኒስቴርም ሆነ የክልል ቢሮዎች ይህን ሊያደርጉት ይችላሉ፤ ብዙ ገንዘብም አይጠይቅም። የደረጃ ዕድገት ሲታይ ከቀድሞ ተማሪዎች የሚመጣ የጽሑፍ ምስክርነት አንድ መመዘኛ ይሁን። ትምህርት ቤቶችም በወላጆች ቀን አንድ የቀድሞ ተማሪ ይጥሩ፤ የመምህሩን ስም ጠርቶ ምን እንዳደረጉለት ለአምስት ደቂቃ ይናገር። የሚሰጥ ሽልማትም ካለ ኬንያዊው ያገኙትን ሽልማት ደንብ ይከተል፤ ከክፍል ለማይወጣ መምህር፣ በየዓመቱ እየተከፈለ።

እስከዚያው ግን ነገሩ በእናንተ በአንባቢዎች እጅ ነው። የዓለም የመምህራን ቀን በፈረንጆቹ ኦክቶበር 5፣ በእኛ መስከረም 25 ገደማ ይከበራል። ከዚያ በፊት አንድ ገጽ ጻፉ። የመምህራችሁን ሙሉ ስም ከነአባታቸው፣ ያስተማሯችሁን ዓመተ ምሕረት፣ ክፍሉንና ትምህርቱን አስፍሩ። ጎበዝ ነበሩ ብላችሁ አትለፉት፤ ያደረጉላችሁን አንድ ነገር በግልጽ ጻፉት። ፈርሙበት። አንዱን ቅጂ ለራሳቸው ላኩ፤ ሌላውን ለትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ሰጥታችሁ ከግል ማኅደራቸው ጋር እንዲያያዝ ጠይቁ። በዚያ ማኅደር ውስጥ የቅጥር ደብዳቤ፣ የዝውውር ማመልከቻ፣ የሕመም ፈቃድ፣ ምናልባትም ማስጠንቀቂያ ይኖራል። ከተማሪ የመጣ ወረቀት ግን ላይኖር ይችላል። መምህሩ በሕይወት ከሌሉ ለልጆቻቸው ስጡት።